የፓፓያ ቅጠል ሲታመም፦ በሽታውን እንዴት እንለየው? ምንስ እናድርግ?

ሰሞኑን እኛ ብሎክ ውስጥ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ጠርተው ጓሯቸው ያለውን ፓፓያ አሳዩኝ። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ መድኃኒት ንገረን።» ቀረብ ብዬ ሳየው ግን አንዱ ውሃ የበዛበት ነው። ሁለተኛው ደቃቅ ተባይ የወረረው ነው። ሦስተኛው ደግሞ መድኃኒት የሌለው የቫይረስ በሽታ የያዘው ነው። ሦስቱንም በአንድ መድኃኒት እንርጭ ብንል ኖሮ ገንዘባችንም ዛፋችንም በከንቱ ይቀር ነበር።

እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ካኩማ ውስጥ ስኖር ከፓፓያ ጋር ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ፣ ተሳስቼም የተማርኩ ሰው ነኝ። ከስህተቶቼ ትልቁን ከታች እነግራችኋለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ቅጠል በታመመ ጊዜ ወጥታችሁ እያያችሁ እንድታመሳክሩት ነው።

ለምን ፓፓያ?

እዚህ ቱርካና ውስጥ ሙቀቱንና አቧራውን የምታውቁት ነው። ማንጎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ፓፓያ ግን በደንብ ከያዙት ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ፍሬ ያደርሳል። ብዙ ቦታ አይፈልግም፤ ልብስ ከምናለቀልቅበት ቦታ አጠገብ ይበቅላል። ፍሬው ቫይታሚን ኤ እና ሲ አለው። ከራሽን የምናገኘው እህልና ጥራጥሬ ላይ የሚጎድለው ይሄ ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት ቤተሰብ አንድ ጤነኛ ፓፓያ ጓሮው ውስጥ ቢኖረው ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ፓፓያ ለስላሳ ተክል መሆኑ ነው። ግንዱ እንደ እንጨት የጠነከረ አይደለም፤ ሥሩም ስስ ነው። ሲታመም ቶሎ ያስታውቃል፤ ችላ ካሉት ደግሞ ቶሎ ይሞታል።

መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መርጨት

ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ዛፉ ሂዱና አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ የታመመው የትኛው ቅጠል ነው? የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች አንድ በአንድ ቢጫ ሆነው ቢረግፉ የዛፉ ተፈጥሮ ነው፤ ፓፓያ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር የታቹን ይጥላል። የላይኛው አዲስ ቅጠል ከተበላሸ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፦ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን አይታችኋል? አብዛኛው ተባይ የሚኖረው ከጀርባ ነው። ፊቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል።

ሦስተኛ፦ አፈሩ እንዴት ነው? ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አስገቡ። ጭቃ ነው ወይስ ደረቅ?

አራተኛ፦ የተበላሸው አንድ ዛፍ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ታሞ ጎረቤቱ ጤነኛ ከሆነ ተባይ ወይም በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከገረጡ ግን መጀመሪያ ውሃውንና አፈሩን ጠርጥሩ።

አንዳንዱ ሰው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን ከጎረቤት ጋር ከመኳረፍ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይቀላል።

1. ውሃ ሲበዛና ውሃው ሲከፋ

ከሁሉ በላይ ያየሁት ይሄ ነው። ሰው በረሃ ስለሆነ ውሃ ማብዛት ደግነት ይመስለዋል። የፓፓያ ሥር ግን ውሃ ውስጥ መተንፈስ አይችልም፤ ውሃ ለሁለት ቀን ከተኛበት ዛፉ ሊሞት ይችላል። ምልክቱ የታችኞቹ ቅጠሎች ባንድ ጊዜ ቢጫ መሆን፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ መጠውለግ፣ ከግንዱ ሥር መለስለስና መሽተት ነው። ብዙ ሰው መጠውለጉን አይቶ «ተጠማ» ብሎ ሌላ ጀሪካን ይጨምራል። እዚያ ላይ ያልቅለታል።

መፍትሔው ውሃ ማቆም፣ በዛፉ ዙሪያ ያለውን ጉድጓድ ሞልቶ አፈሩን ከፍ ማድረግ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ጣት ሁለት አንጓ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ብቻ ማጠጣት። ገዳሪፍ አካባቢ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፦ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይይዛል። እዚያ ፓፓያ ጉድጓድ ውስጥ አይተከልም፤ አፈር ቆልሎ ጉብታ ሠርቶ ላዩ ላይ ነው የሚተከለው።

የውሃው ዓይነትም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚከተለው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ነው፤ ቦኖው ሲቋረጥ ምን እንደሚደርሰን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዛፉ የሚጠጣው እኛ የተጠቀምንበትን ነው። የአትክልትና የእህል ማጠቢያ ውሃ ጥሩ ነው። የልብስ መጨረሻ ማለቅለቂያም ይሆናል። የመጀመሪያው የኦሞ አረፋ ግን አይሆንም፤ በረኪና ያለበት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ጨው አፈሩ ውስጥ ይከማችና የቅጠሉን ጠርዝ እሳት እንደነካው ቡናማ አድርጎ ያደርቀዋል። የቅጠል ጠርዝ ዙሪያውን ተቃጥሎ ካያችሁ በሽታ ነው ብላችሁ አትርጩ። የምታጠጡትን ውሃ ቀይሩ፤ ዝናብ ሲመጣም ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ወደ ዛፉ አዙሩት፣ ጨውን ያጥባል።

2. አቧራና ቀይ ሸረሪት

በደረቅና በሞቃት ወቅት የሚመጣ ነው። የቅጠሉ ፊት በመርፌ የተወጋ ይመስል ነጠብጣብ ያወጣል፤ ከዚያ ይገረጣል፣ ወደ ነሐስ መልክ ይሄዳል፣ ይደርቃል። ጀርባውን ስታዩ ቀጭን ድር አለ፤ ድሩ ውስጥ ከጨው ቅንጣት ያነሱ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ታያላችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ ከሄደ ተባይ ነው፤ ካልሄደ አቧራ ነው።

ይሄ ተባይ አቧራ ይወዳል። መንገድ ዳር ያሉ ዛፎች ቀድመው የሚያዙት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው፦ በጨርቅም ሆነ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ የቅጠሉን ጀርባ ማጠብ። በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ብታጥቡ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በጣም የተጎዱትን የታች ቅጠሎች ቆርጣችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ዛፉ ሥር አትጣሏቸው።

ካልበቃ ሳሙና ይጨመራል። አሠራሩን ከታች ጽፌዋለሁ።

3. ነጭ ጥጥ የሚመስለው ተባይ

በቅጠሉ ጀርባ፣ በግንዱና በፍሬው ላይ ጥጥ የተለጠፈ የሚመስል ካያችሁ የፓፓያ ሚሊበግ ነው። መነሻው ሜክሲኮና አካባቢው ሲሆን ኬንያ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የተክሉን ፈሳሽ ይመጣል፤ የሚያጣብቅ ማር መሰል ነገር ያፈሳል፤ በዚያ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳኖች ማሩን ስለሚፈልጉ ተባዩን እንደ ከብት ይጠብቁታል። ስለዚህ ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ፈልጉ።

ጥቂት ሲሆን በሳሙና ውሃ በነከረ ጨርቅ ጠርጎ መጨረስ ይቻላል። የበዛበትን ቅጠል ቆርጦ በፌስታል አስሮ ፀሐይ ላይ ማዋል ይገድለዋል። የጉንዳኑን መንገድ ለመቁረጥ ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁ ላይ ቅባት መቀባት ይረዳል። ቅባቱ በቀጥታ ግንዱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

4. ዱቄት የሚመስል ሻጋታ

ቀዝቀዝ ሲልና ዛፉ ጥላ ውስጥ ሲሆን ይታያል። ኡጋንዳ ናኪቫሌ ያላችሁ ከእኛ የበለጠ ታዩታላችሁ። በቅጠሉ ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ክብ ክብ ነገር ነው፤ በላይ በኩል ቦታው ቢጫ ይሆናል። ከአቧራ የሚለየው አቧራ ፊቱን ሁሉ እኩል መሸፈኑ፣ ሻጋታው ግን ቦታ ቦታ መያዙ ነው።

የተያዙትን ቅጠሎች ቁረጡ፤ ዛፉ ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኝ ዙሪያውን ክፈቱ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ ሶዳና ጥቂት ጠብታ ሳሙና ቀላቅሎ በሳምንት አንዴ መርጨት እንዳይስፋፋ ይረዳል። የድኝ ዱቄት የሚሸጡ አሉ፤ ድኝ ይሠራል፣ ግን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቅጠል ያቃጥላል። ካኩማ ላይ ይሄ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም ማለት ነው።

5. መድኃኒት የሌለው፦ የቀለበት ቫይረስ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን።

ምልክቱ ከላይ ነው የሚጀምረው። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴና ቢጫ ተደባልቆ ዥጉርጉር ይሆናል። ቅጠሉ ይጠባል፣ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴ የጫማ ክር እስኪመስል ይቀጥናል። በቅጠሉ ዘንግና በግንዱ ላይኛው ክፍል ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ሰረዝ ይወጣል። ፍሬ ካለው በፍሬው ላይ ክብ ክብ ቀለበት ይታያል። ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች በፓፓያ ላይ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጣ፣ በሐብሐብ ላይ የሚታወቅ ዘመድ ቫይረስም አግኝተዋል። ለእኛ ግን የሁለቱም አያያዝ አንድ ነው።

የሚያጋባው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ፓፓያ ላይ ቤት አይሠራም፤ እየበረረ ያልፋል፣ አፉን ሰክቶ ይቀምሳል፣ ይሄዳል። ቫይረሱን ለማስተላለፍ ሴኮንዶች ይበቁታል። መርጨት የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ መርዙ ሳይገድለው በፊት ሥራውን ጨርሷል። አንዴ የገባ ቫይረስ ደግሞ ከዛፉ አይወጣም። ማዳበሪያም፣ ኒምም፣ ከሱቅ የሚገዛ ምንም ነገር አያወጣውም። አሜሪካ ሃዋይ ላይ ይሄ በሽታ የፓፓያ እርሻ አጥፍቶ ገበሬዎቹ የተረፉት እ.ኤ.አ. በ1998 በላቦራቶሪ የተዘጋጀ የሚቋቋም ዝርያ ሲለቀቅላቸው ነው።

ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ዛፉን ነቅሎ ማስወገድ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

እትዬ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ሦስት ፓፓያ ነበራቸው። ሪሴትልመንት ደርሷቸው ሲሄዱ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዛፎቹን አደራ» አሉኝ። አደራ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሻንጣቸው ውስጥ ሊያስገቡት ያልቻሉት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር። ከወራት በኋላ የመሀለኛው ዛፍ አናቱ ላይ መጨማደድ ጀመረ። ከእኛ ብሎክ በፊት እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው አይቶ «ይሄን ዛሬውኑ ንቀለው» አለኝ። እኔ እንዴት ብዬ! የሰው አደራ በእጄ ልነቅል? ፍግ ጨመርኩ፣ አመድ ጨመርኩ፣ ኒም ረጨሁ። ያን ሰው እንደ ጨካኝ ቆጠርኩት።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቀሩት ሁለቱም ተያዙ። ከአጥሩ ማዶ አራት ልጆች ያሏት እናት የነበራት ዛፍም ተያዘ። የእሷ ፍሬ ሊደርስ ነበር። አንዱን ለማዳን ብዬ አራት ገደልኩ። እሷ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን እስካሁን ይከብደኛል። አደራውን የምጠብቀው አንዱን ቶሎ ብነቅል እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት ግን አረጋግጡ። በዓይን የማይታይ ሌላ ደቃቅ ተባይ አለ፤ አዲሱን ቅጠል ጣት እንደተጨበጠ አድርጎ ያጠማዝዘዋል፣ ቫይረስም ይመስላል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ በተባዩ ዘንዱ ላይ የዘይት ሰረዝ የለም፣ ፍሬው ላይም ቀለበት የለም። ዥጉርጉር ቀለም፣ የጠበበ ቅጠልና የዘይት ሰረዝ ሦስቱም አንድ ላይ ካሉ ግን አትጠብቁ። ከተጠራጠራችሁ አናቱን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ተመልከቱ፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ተባይ ነበር።

ሲነቀል ከነሥሩ ይነቀል፤ ይቆራረጥና ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቢላዋውንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ የጎረቤት ዛፎችን ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ተመልከቱ፤ በሽታው ከተጋባ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ይሄን ያህል ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ለጎረቤትም ንገሩ፤ አያሳፍርም። ቀለበት ያለበት ፍሬ ጣዕሙ ይቀንሳል እንጂ ሰውን አይጎዳም፤ የደረሰውን ብሉት።

የቤት ውስጥ መርጫ አሠራር

የሳሙና ውሃ፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ፈሳሽ ከሌለ ደረቅ የልብስ ሳሙና ፈቅፍቆ ያንኑ ያህል ማሟሟት ይቻላል። የዱቄት ኦሞ አትጠቀሙ። እኔ አንዴ «ጠንከር ይበል» ብዬ በኦሞ ረጭቼ በማግስቱ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተጠበሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኒም፦ እዚህ በየቦታው ያለው፣ በስዋሂሊ ሙአሮባይኒ የሚባለው ዛፍ ነው። የደረቀውን ፍሬ ልጡን አውጥታችሁ ውስጡን 50 ግራም ያህል ውቀጡ፤ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሉት፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሩበት። ፍሬ በሌለበት ወቅት አንድ ኪሎ ቅጠል ወቅጦ በአምስት ሊትር ውሃ ማሳደር ይቻላል፤ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ፀሐይ ስለሚያበላሸው ባጠለላችሁበት ቀን ማታውኑ ርጩት። ይሄን ውሃ ልጆች እንዳይጠጡት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው። ፓፓያ ቅጠሉ ስስ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካልተቃጠለ ቀጥሉ። የሚረጨው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ጀርባውን እንጂ ፊቱን ብቻ አይደለም። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ስለ መርዝ አንድ ማስጠንቀቂያ

ገበያ ውስጥ በውሃና በሶዳ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ያለ ስምና ያለ ምልክት የሚሸጥ መርዝ አለ። አትግዙ። ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን ፍሬ እንደማይበላ፣ ምን ያህል እንደሚቀላቀል ማንም አይነግራችሁም። ለፍየልና ለግመል መዥገር የሚረጨውንም ፍሬ ላይ አታድርጉ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ የምንተኛበት፣ የምናበስልበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ያው ነው። የተጠማ ልጅ ጠርሙስ ሲያገኝ ይጠጣል።

ድንገት ከጠጣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ሩጡ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ።

እንደገና ስንተክል

ዘሩን ከጤነኛ ዛፍ ውሰዱ። የቀለበት ቫይረስ በአብዛኛው በዘር አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሰፈሩ ቢታመም እንኳ ከዘር መጀመር ይቻላል። የታመመ ዛፍ አጠገብ ያደገ ችግኝ ግን አትቀበሉ። በአንድ ቦታ ሦስት አራት ዘር ዝሩ፤ ፓፓያ ወንድም ሴትም ሁለቱን የያዘም ስላለው፣ አበባ ሲያወጡ አይታችሁ ጥሩውን አስቀሩ።

ዱባ፣ ሐብሐብና ዝኩኒ ከፓፓያ ጎን አትትከሉ፤ ቫይረሱ እነሱም ላይ ይኖራል። በዙሪያው በቆሎ ወይም ማሽላ መዝራት ግን ይጠቅማል። ክሽክሹ መጀመሪያ እዚያ ያርፍና አፉን እነሱ ላይ ይጠርጋል። ግንዱን ሳይነካ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ዙሪያውን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱት፤ እርጥበት ይይዛል፣ አቧራም ይቀንሳል። የፍየሉን አጥር አትርሱ።

በአጭሩ ለማስታወስ፦

– የታች ቅጠል አንድ በአንድ ቢረግፍ አትደንግጡ።
– አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ውሃ አቁሙ።
– ጠርዙ ከተቃጠለ የምታጠጡትን ውሃ ቀይሩ።
– ድርና ነጠብጣብ ካለ እጠቡ፤ ካልበቃ ሳሙና።
– ነጭ ጥጥ ካለ ጥረጉ፤ ጉንዳኑን ከልክሉ።
– ዥጉርጉር፣ ጠባብና የዘይት ሰረዝ አንድ ላይ ካሉ ንቀሉ፤ ለጎረቤትም ንገሩ።

እትዬን ባለፈው በኢሞ አገኘኋቸውና የዛፎቹን ነገር ደብቄ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ዘሩን አስቀርተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ከመታመሙ በፊት ከተበላ ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ነበረኝ። ከእሱ የበቀሉ አምስት ችግኞች አሁን ጉልበቴ ጋ ደርሰዋል። ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ሦስቱን ከአጥሩ ማዶ ላለችው እናት ሰጥቻታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ቅጠል ስንገለብጥ እንገናኛለን።

ቸር ይግጠመን።